ለቡችላው ስል ከወንበሬ ያልተነሣሁ ዕለት

እኔ ድሮም ሐሳብ የማይለየኝ ሰው ነኝ። ሐሳብ ስል የፈላስፎቹ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ጭንቀት ማለቴ ነው። ስልክ ሲጠራ “ማን ሞተ?” እላለሁ፤ ሳይጠራ ከዋለ ደግሞ “ማን ሞቶ ነው የደበቁኝ?” እላለሁ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ግሮቭፖርት በምሠራበት መጋዘን ሱፐርቫይዘሬ ፈገግ ካለልኝ ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም፤ ሊያሰናብተኝ ነው ብዬ። እንዲህ ያለ ሰው ውሻ ማሳደግ አልነበረበትም። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሆነና በረዶው በጀመረ ሰሞን ሊንደን ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ቡችላ ገባ።

ያመጣሁትም እኔው ነኝ። ልጄ ኤደን ዐሥር ዓመቷ ነው። የልብ ጓደኛዋ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ቴክሳስ ከሄደች ወዲህ ልጅቷ ዝም አለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ “ዛሬ እንዴት ነበር?” ስንላት “ፋይን” ትልና ወደ ክፍሏ ትወጣለች። ዝም ያለ ልጅ ባለበት ቤት ቴሌቪዥኑ እንኳ የሚያወራው በይሉኝታ ነው። አንድ ቅዳሜ “ማየት ብቻ ነው” ብዬ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ወደሚጠበቁበት መጠለያ ወሰድኳት። አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ጆሮው የተኛ ቡኒ ቡችላ በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን ላሳት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስለ ቆየሁ መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ “ማየት ብቻ ነው” የሚል አባት ካለ ይምጣና ይናገር።

ስሙን እኔ ላወጣ ነበር። እኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ሰውየው “ምን አገባህ!” ብሎ ውሻውን ሲጣራ የሚሰማው ውሻው ሳይሆን ባላንጣው ነው። እኔም ከግድግዳው ወዲያ ሙዚቃ ለሚያስጮኸው ጎረቤታችን የሚሆን “አናስተኛም” የሚል ስም አዘጋጅቼ ነበር። ኤደን ግን በምትወደው የቁርስ ቂጣ ስም “ዋፍል” አለችው። ዋፍል ሆነ።

ሚስቴ ሮማን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሣ፣ ስታጥብ፣ ስታለብስ ውላ ስትገባ ዋፍል በሩ ሥር ኩሬ ሠርቶ ጠበቃት። አልጮኸችም። ሮማን ስትጮህ አልፈራትም፤ የምፈራት ስትረጋጋ ነው። ቦርሳዋን በቀስታ አስቀመጠችና፣

“የገብርኤል ማኅበር እኛ ቤት መቼ ነው?” አለችኝ።

“በሚመጣው ወር።”

“ጥሩ። ይኼ ቤት እንግዳ የማይታጣበት ቤት ነው። እንግዳ የማይችል ውሻ እኛን አይችልም። የማኅበሩ ዕለት ሰው ፊት ካዋረደን በማግሥቱ ወደ መጣበት ይመለሳል።”

“ያን ቀን አንዱ ክፍል ብንዘጋበትስ?” አልኩ።

“ዘግተህበት ሲያላዝን አልሰማህም? ማኅበር ሳይሆን ለቅሶ የተቀመጥን ይመስላል። ኤደን፣ ሰምተሻል?”

ኤደን ሰምታለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዋፍልን አቅፋው ነበር። እጆቿ ሲጠብቁበት አየሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተኳረፈ። ውሻው ከተመለሰ ያ ሳቅ አብሮ ሊመለስ ነው። ይኼን እያሰበ የሚተኛ አባት ካለ እኔ አይደለሁም።

ትምህርቱ የተጀመረው ከደጅ ነው። ውሻ ደጅ ወጥቶ ይጸዳዳል፣ ባለቤቱ በላስቲክ አንሥቶ ይጥላል፤ እዚህ አገር ሕጉ እንዲህ ነው። ዋፍል ግን በረዶ ላይ ቦታ ሲመርጥ መሬት የሚገዛ ሰው ነው። አንዱን ያሸታል፣ ይተወዋል፣ ዞሮ ይመጣና እንደገና ያሸታል። እኔ ከኋላው ላስቲኬን ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔስ በዋለበት ነው የለቀምኩት። ቢሆንም የእናቴ ልጅ፣ ሰው ነኝ ብዬ የምኮራ፣ ጎንበስ ብዬ ስለቅም አንድ ሐበሻ በዚያ ቢያልፍ ምን ይለኛል እያልኩ በብርዱ ውስጥ ያልበኝ ነበር።

አለፈም። ማንም ቢሆን መልካም ነበር፤ ያለፉት ግን ጋሼ አሰፋ ናቸው። ጋሼ አሰፋ የማኅበራችን አንጋፋ ናቸው። ያለ እሳቸው ሠርግ አይመረቅም፣ ያለ እሳቸውም ጠብ አይበርድም። መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ወረዱና እጃቸውን ዘረጉ። እንግዲህ አስቡት። ለታላቅ ሰው አንድ እጅ አይሰጥም፤ ቀኙን ሰጥቶ በግራው ክንድን ደገፍ አድርጎ ጎንበስ ማለት ነው ወጉ። ቀኜ ውስጥ የውሻው ማሰሪያ አለ፣ ግራዬ ውስጥ ላስቲኩ። ማሰሪያውን ክንዴ ላይ ጠመጠምኩ፣ ቀኜን ሰጠሁ፣ በግራዬ ደገፍኩ፣ ጎንበስ አልኩ። ላስቲኩ ተወዛወዘና የጋሼ አሰፋን አይበሉባ ዳሰሰው።

“ምንድነው የያዝከው? ሙቅ ነው እኮ!” አሉኝ።

 እንዲህ ያለውን ነገር ለአባት እንዴት ይነግሩታል?

“ቁርስ ነው?”

“አዎ ጋሼ” አልኩ። ማርያምን፣ እንዲህ አልኩ።

“በል እንግዲህ ሳይቀዘቅዝ ብላ። ቁርስ የሚበላ ሰው አይታመምም” ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ሳስበው ዋልኩ። የሆነ ቀን ቤታቸው ጠርተውኝ “ያ ቁርስህ እንዴት ነበር?” ቢሉኝስ?

ከዚያ ወደ ሥልጠናው ገባን። የእንስሳት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ጓሮ፣ ኬሊ የምትባል፣ ወገቧ ላይ የውሻ ብስኩት የሞላበት ከረጢት የታጠቀች ሴት ታስተምራለች። ሌሎቹ ሠልጣኞች ችግራቸውን ተናገሩ፤ የአንዱ ውሻ ጫማ ይበላል፣ የአንዷ ድመት ያሳድዳል። የእኛ ተራ ሲደርስ ኤደን፣ “ጌስትስ” አለች። እውነቷን ነው። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ዋፍል ያብዳል። ይዘላል፣ ቀሚስ ይጎትታል፣ በሰው እግር መካከል እየተሹለከለከ ይጮኻል።

“እስቲ እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደምትቀበሉ አሳዩኝ” አለች ኬሊ።

እኔ እንግዳ ሆንኩ፣ ኤደን ባለቤት። ገና ብቅ ስል ኤደን ከወንበሯ ብድግ አለች፤ “ኖር!” “በእግዜር! አትነሺ፣ በገብርኤል አትነሺ!” “ግቡ እንጂ!” ጉንጭ ለጉንጭ ሳምኳት፤ ዞሬ ሳምኳት፤ በሦስተኛው እንለያያለን ስትሉ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጨን። “እንዴት ነሽ? ደኅና ነሽ? ልጆቹስ? እናትሽ? ሥራስ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል?” እያልኩ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁ። መልሳ እሷም እንዲሁ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አለቀ ሲባል ከመጀመሪያው ጀመርን። ዋፍል ኬሊ በያዘችው ማሰሪያ ላይ እንደ እንዝርት ይሾራል። አንድ ትልቅ ውሻ የያዘ ሰውዬ ማስቲካ ማኘኩን አቆመ።

“አለቀ?” አለች ኬሊ።

“ገና በሩ ላይ ነን” አልኳት። “ሲቀመጡ ነው ሰላምታው የሚጀመረው።”

 ኬሊ ፈረደችብን። ውሻው የሚያብደው እኛ ስለምናብድ ነው አለች። ከአሁን በኋላ እንግዳ ሲገባ አትነሡ፣ አትናገሩ፣ አትንኩ፣ ዐይኑንም አትዩ። ውሻው ተረጋግቶ እስኪተኛ ድረስ በሩ ላይ አሰልቺ፣ በእሷ ቋንቋ “ቦሪንግ” ሁኑ። ከተኛ በኋላ ብስኩት ስጡት፤ ያኔ እንደ ፈለጋችሁ ተሳሳሙ።

“እኛ ጋ እንግዳን እንዲህ አድርጎ የሚቀበል ቂም ያለው ሰው ብቻ ነው” አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ቤት ገብተን ልምምድ ጀመርን፤ “ሲት” ሲባል ቁጭ ማለትንም ጭምር። ኤደን እንደ ወታደር አዛዥ ሆነችብኝ። ሮማን ከሥራ ስትገባ እንኳ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ግድግዳ አያለሁ። “ዳዲ፣ ስማይል አደረግክ! እንደገና!” ትለኛለች። ሮማን ደክሟት በር ላይ ቆማ፣ “ባሌ ሰላም የሚለኝ ውሻው ሲፈቅድ ነው?” ትላለች፤ ግን ልጅቷ ምሽቱን ሙሉ ስታወራ ትሰማለችና ዝም ብላ ትወጣለች፣ ዝም ብላ ትገባለች። ዋፍልም እየበረደ መጣ። የማኅበሩ ቀን ግን ከእሱ በበለጠ ፍጥነት ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና ኤደን ቤት ሳለን በሩ ተንኳኳ። ኤደን ከፈተችው። እትዬ ዘነበች ናቸው። እትዬ ዘነበች የማኅበራችን ሙሴ፣ የሁላችንም መሪ ናቸው። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላቸው፤ እዚህ ከተማ አዲስ ገብቶ እሳቸው ቤት ያልበላ ሰው የለም። እኔና ሮማንም በልተናል። ስለ ድግሱ ሊነጋገሩ ነው፣ ሳይደውሉ፣ እንደ ወጉ የመጡት። ዋፍል እግሬ ሥር ነበር። ጆሮውን አቆመ። ኤደን ከበሩ ኋላ ሆና፣ “ዳዲ፣ ቦሪንግ!” ብላ አንሾካሾከች። ዐይኖቿ ልመና ሞልቷቸዋል።

ጉልበቶቼ በራሳቸው ፈቃድ ሊነሡ ተንቀሳቀሱ። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። እናቴ ከመቃብሯ ቀና ብላ “አሳደግኩህ?” ስትለኝ የሰማሁ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

“እንደምን ዋላችሁ?” አሉ እትዬ ዘነበች።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አነበብኩ።

“ልጄ፣ አሞሃል?”

ኤደን ጣሪያ አየች። እኔ ካላንደሩን ደገምኩ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ከራሳቸው ገሸሽ እንዳደረጉት ቆመው ቀሩ። ዋፍል ግን፣ ጉድ በሉ፣ ከመጣ ጀምሮ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። አየን፣ አዛጋ፣ አገጩን እግሬ ላይ አኑሮ ተኛ። ኤደን በደስታ ዘለለች። እኔም በድል አድራጊነት ከወንበሬ ተስፈንጥሬ፣ “እትዬዬ! ኖር! እንዴት ነዎት?” ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የተዘረጋው ለነፋስ ነው። መኪናቸው ከደጅ ሲነሣ ሰማሁ።

ደወልኩ፤ አላነሡም። ደገምኩ፤ ዘጉት። ሮማን ከሥራ ስትገባ ነገሩ ከእኔ በፊት ደርሷታል።

“እትዬ ዘነበችን ግድግዳ እያየህ ተቀበልካቸው?”

“ውሻው እኮ ተኛ!” አልኳት።

“እኔ ግን አልተኛም” አለች።

እስከ እሑድ ድረስ ወሬው ቅርንጫፍ አወጣ። አንዱ መጋዘን ሥራ አእምሮውን ነክቶታል አለ፤ ሌላው ከማኅበር ሊወጣ ፈልጎ ሰበብ ፍለጋ ነው አለ፤ ሃይማኖት ለውጧል ያለም አልጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰው ፊት ጎንበስ ቀና ስል “ደኅና ነው እንዴ?” የሚሉ ዐይኖች እግሬ ሥር ድረስ መረመሩኝ።

በማኅበሩ ዋዜማ ሽማግሌ መጣ። እውነተኛ ሽማግሌ፣ በጋሼ አሰፋ መሪነት፣ ካፖርት የለበሱ ሦስት አባቶች በራችን ላይ ተሰለፉ። ልጅ ሊያጩ የመጡ ነበር የሚመስሉት። የሽማግሌን ወግ ታውቃላችሁ፤ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም።

“ተቀመጡ እንጂ” አለች ሮማን።

“አንቀመጥም” አሉ ጋሼ አሰፋ። “ከእትዬ ዘነበች ጋር እታረቃለሁ ካላለን ወንበራችሁንም አንነካ፣ ውኃችሁንም አንቀምስ።”

“ጋሼ፣ ጠብ የለም እኮ” አልኩ።

“እኛም ያልነው ይኼንኑ ነው። ጠብ የለም በል።”

“የለም!”

“ስለዚህ ታረቅ።”

“ከማን ጋር?”

“አየህ፣ ቂም አለህ!”

በዚህ መካከል ዋፍል ደስታውን አልቻለውም። ሦስት የቆሙ እንግዶች በአንድ ጊዜ! አንዱ ካፖርት ላይ ዘለለ፣ ወደ ሁለተኛው ዞረ፣ የጋሼ አሰፋን ካፖርት ጫፍ በጥርሱ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተ። ሮማን አየችኝ። ኤደን ከደረጃው ላይ ሆና አየችኝ። ከእነዚህ ከሁለቱ ዐይኖች የቱ የበለጠ እንዳስፈራኝ ዛሬም አላውቅም። ራሴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

“ሲት!” ብዬ ጮህኩ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሮማንም ተቀመጠች። ከሁሉ በኋላ ዋፍል ተቀመጠና ብስኩቱን ጠበቀ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት፤ እጄ ለምዶበት ለጋሼ አሰፋም ሊዘረጋ ነበር።

 ከተቀመጡ ወዲያ መሓላው አብቅቷልና ጋሼ አሰፋ በቀስታ፣ “እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን” አሉኝ። ነገርኳቸው። የኬሊን፣ የሰላምታውን፣ የካላንደሩን፣ የሮማንን ፍርድ። ኤደንን ቀና ብለው አዩአት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው እትዬ ዘነበች ጋ ደወሉና ሁላችንም እንድንሰማ አደረጉት። ነገሩን ሁሉ አስረዷቸው።

“ለውሻ ብሎ ነው?” አሉ እትዬ ዘነበች በመጨረሻ። “እኔ ለቂም መስሎኝ ነበር። ቂም ይሻለኝ ነበር።”

“ነገ ግን ይመጣሉ አይደል?” አሉ ጋሼ አሰፋ።

“ለገብርኤል እመጣለሁ” ብለው ዘጉት።

የማኅበሩ ዕለት ደረሰ። ጋሼ አሰፋ ነገሩን የራሳቸው አድርገውት ከሁሉ ቀድመው መጡ። ደጃፋችን ላይ በረዶ እየረገጡ ቆመው የሚመጣውን ሁሉ ያስተምራሉ፤ “ስትገቡ ሰላም እንዳትሉ። እንዳትሳሳሙ። ዝም ብላችሁ ጫማ አውልቁ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ውሻው ሲተኛ ምልክት እሰጣለሁ።” ማኅበርተኛው አንድ በአንድ ገባ። ማንም ማንን አላየም። ባልና ሚስት እንኳ እንደማይተዋወቁ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው በካልሲው ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ፣ እኔ እያንዳንዱን ሰው በየተራ አያለሁ። በዚህ ላይ አንድ ሰው ቢስቅ አለቀልን።

መጨረሻ ላይ እትዬ ዘነበች ገቡ። ከሁላችንም የበለጡ አሰልቺ እሳቸው ሆኑ፤ የሌላው ትምህርት ነው፣ የእሳቸው ከልብ ነው። ጥቁር የበዓል ጫማቸውን አውልቀው፣ እኔንም፣ ሮማንንም፣ ውሻውንም ሳያዩ አልፈው ተቀመጡ። ዋፍል እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም። ተነሥቶ ሄደና እግራቸው ሥር ተጠቅልሎ ተኛ። ጋሼ አሰፋ እጃቸውን አነሡ። ቤቱ በአንድ ጊዜ በሰላምታ ፈነዳ። ዋፍል አንድ ዐይኑን ገልጦ መልሶ ጨፈነ።

ኤደን ከደረጃው ሆና አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሮማን እንኳ የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

ጸሎትና ውሻ አብረው አይሆኑምና ዳቦው ሳይቆረስ ኤደን ዋፍልን ይዛ ወደ ክፍሏ ወጣች። ልንጸልይ ስንቆም ሮማን ወደ ላይ ጠራች፤ “ኤደን፣ ነይ አንቺም አባታችን ሆይ በይ!” ልጅቷ ወረደች። በሩን ሳብ ያደረገችው መስሏታል። ሁላችንም ዐይናችንን ጨፍነናል። እኔ ብቻ፣ ጭንቀታም ስለ ሆንኩ፣ አንዱን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ እሱም የሚያየው ዳቦውን ነው። መግቢያው ላይ የተከመረውን የማኅበርተኛ ጫማ ሁሉ ማን አሰበው? አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ስንለማመድ ጫማ ብሎ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ዋፍል የተኛ መስሎን ረሳነው። ማኅበርተኛው ተነሥቶ ጫማውን ማድረግ ጀመረ። እትዬ ዘነበች የቀኙን አደረጉ፤ ግራው የለም። ጎንበስ ብለን ፈለግን። ያኔ ዋፍል ከደረጃው ሥር ወጣ። ጫማውን በአፉ ይዞታል። ተረከዙ የለም፤ ቆዳው እንደ ጎመን ተተልትሏል። በሕዝቡ መካከል ቀጥ ብሎ መጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝና፣ ማንም ሳያዘው፣ በሚያምር አቀማመጥ ቁጭ ብሎ ብስኩቱን ጠበቀ።

 ሮማን ጫማውን አየች፣ ሰዉን አየች። ተረጋጋች።

“ነገ ይመለሳል” አለች።

ኤደን አልጮኸችም። “ኦኬ ማሚ” ብቻ አለች፤ ያንኑ የድሮውን የ“ፋይን” ድምፅ አመጣችው። ዋፍል አጠገብ ተንበርክካ አንገቱን አቀፈች።  ይቅርታ ልል ወደ እትዬ ዘነበች ዞርኩ።

እትዬ ዘነበች ልጅቷን ለጥቂት ጊዜ አዩአት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ምን ሆናችኋል? ምን ጠፋ?” አሉ።

“ጫማዎ እትዬ” አለች ሮማን። “ውሻው...”

“የትኛው ጫማ?”

“ግራው።”

“እኔ በአንድ ጫማ ነው የመጣሁት።”

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀኝ እግራቸው ላይ ያለውን ጥቁር ጫማ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ያለውን መንታውን አየ።

“እትዬ፣ በዚህ በረዶ?” አለች ሮማን።

“በዚህ በረዶ። የገብርኤል ስለት አለብኝ፤ በዓሉን በአንድ እግሬ በባዶ ልመጣ ተስያለሁ። ሰው ስለቱን ለሁሉ ያወራል እንዴ?”

ጋሼ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኔ ከጧት ጀምሮ ደጅ ነበርኩ” አሉ፤ እንደ ሸንጎ ምስክር ቀጥ ብለው። “ሲመጡ አይቻለሁ። በአንድ ጫማ ነው የመጡት።”

“እኔም አይቻለሁ” አለ ሌላው ሽማግሌ። “እንዲያውም ገርሞኝ ነበር።”

ሮማን ተንበርክካ የራሷን ቦት ጫማ አቀረበችላቸው። እትዬ ዘነበች ገፋ አደረጉት፤ “ስለት ይፈርሳል” አሉ። ክንዴን ያዝ አድርገው ወጡ። ጨው በተበተነበት መንገድ ላይ አንዱን እግራቸውን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ እየረገጡ፣ አንዴም ሳይቸኩሉ፣ መኪናቸው ድረስ ሄዱ።  በሩን ስከፍትላቸው፣ “ሁለተኛ ግን ስመጣ ካልተነሣህ፣ ውሻውንም አንተንም ነው የማስመልሳችሁ” አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ስመለስ ማኅበርተኛው በመስኮቱ ተደርድሮ ያያል፤ ሮማን በሩን ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። ዐይኗ መኪናው ከመንገዱ እስኪታጠፍ አልተነቀለም። ኤደን ከኋላዋ፣ ዋፍልን እንዳቀፈች፣ የእናቷን ጀርባ እያየች ትጠብቃለች። እኔም በረዶው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

“ምን ትገተራለህ?” አለችኝ ሮማን፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። “ግባና በሩን ዝጋው እንጂ። ውሻው ብርድ ይመታዋል።”